ከሥጋዬ ጋር የገባው ብረት

«ብረት የለም አይደል?» አለችኝ ባለሙያዋ በሩ ላይ። ኪሴን ዳበስኩ። ሳንቲሙን፣ ቁልፉን፣ ቀበቶዬን አስረክቤያለሁ። ጫፉ ብረት የለበሰውን ከዘራዬንም «አባቴ፣ ይሄ እዚህ ይቆይ» ብላ ተቀብላኛለች። «የለም» አልኳት። ልዋሻት አስቤ አይደለም፤ የጠየቀችኝ ስለ ኪሴ መስሎኝ ነው።

ብረቱ ግን ነበረ። የካቲት 1991 ዓ.ም.፣ ባድሜ ግንባር፣ በዘመቻ ፀሐይ ግባት የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ ጀርባዬን መታኝ። ትልልቁን አወጡልኝ፤ የምስር ፍሬ የምታህለውን አንዷን ግን «ከምንነካት ብትቆይ ይሻላል» ብለው ተዉአት። ቁስሉ ጠገገ። አገሬ ካምባ ተመልሼ እርሻዬን ያዝኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ፍንጣሪዋ ሥጋዬ ሆነች፤ የገዛ ሥጋውን ደግሞ ማን «ብረት» ይለዋል?

በ2017 ክረምት ወገቤ ያዘኝ። የካምባን ዳገት ሳላርፍ የምወጣ ሰው ከመደብ መነሳት አቃተኝ። አርባ ምንጭ ታየሁ፤ ሐኪሙ ኤምአርአይ አዞ ወደ አዲስ አበባ ላከኝ። መንገዱ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የወንድሜ ልጅ ደግፎኝ አብሮኝ መጣ።

እንደደረስን ፎርም ሰጡን። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ ተራ እንዳያልፈን እየተጣደፈ ከላይ እስከ ታች «የለም» እያለ ምልክት አደረገ። ባድሜ ላይ ስቆስል እሱ ገና አልተወለደም። እኔም ስለ ጦርነቱ አንድ ቀን አጫውቼው አላውቅም። ፈረምኩ።

አልጋው ወደ ማሽኑ ጉድጓድ ሲንሸራተት ጀርባዬ ውስጥ አንድ ነገር ሳብ አደረገኝ። እንደ እሾህ፣ ግን ከውስጥ ወደ ውጭ። ወገቤ ነው ብዬ ቻልኩት። ከዚያ ጩኸቱ ጀመረ፤ ጆሮዬ ተደፍኖም እንደ ወፍጮ ቤት ይንገጫገጫል። ቦታዋ መሞቅ ጀመረች። «አትንቀሳቀስ» ተብያለሁና አልተንቀሳቀስኩም። ወታደር ነኝ፤ መቻል ለምጃለሁ። ሙቀቱ ሲበረታ ግን ያ የካቲት መጣብኝ፤ አሸዋው፣ ጭሱ፣ የጓዶቼ ድምፅ። በእጄ ያስያዙኝን የመጥሪያ የጎማ ኳስ ጨመቅኩት።

ወዲያው አወጡኝ። ባለሙያዋ ፊቷ ገርጥቶ «አባቴ፣ ጀርባዎ ላይ ምን አለ? ምስሉ ጥቁር ቀዳዳ ሆኖብኛል» አለች። ያኔ ነው «ፍንጣሪ» የሚለው ቃል ከአፌ የወጣው። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ሰማ።

በኤክስሬይ ሲያዩአት ከአከርካሪዬ ትንሽ ፈንጠር ብላ ተቀምጣለች። «የቆየ ጠባሳ አቅፎ ስለያዛት ነው የተረፉት» አሉኝ። ዓይን ውስጥ ወይም ደም ስር አጠገብ ብትሆን ኖሮ ወሬው ሌላ ነበር። የወገቤን ምርመራ በሲቲ ስካን ጨረሱልኝ።

ባለሙያዋ አጠገቤ ተቀምጣ ሳትቸኩል አስረዳችኝ። ማሽኑ ባያነሳም፣ መብራት ቢጠፋም፣ ማግኔቱ አይተኛም። ሽቦው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ ስለተነከረ ኃይሉን እንደያዘ ይኖራል። 1.5 ቴስላ የሚባለው ማሽን ኮምፓስ ከሚያዞረው የምድር ማግኔታዊ ኃይል ከ30,000 ጊዜ በላይ ይበረታል።

ልጁ ከዚያ ወዲህ እያነበበ ይነግረኛል። በ2001 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ማሽኑ ላይ የተኛ የ6 ዓመት ሕፃን ወደ ክፍሉ የገባ የኦክስጅን ሲሊንደር ተስቦ መትቶት ሞተ። በ2018 እ.ኤ.አ. ሙምባይ ላይ ሲሊንደር ይዞ የገባ ሰው ሕይወቱ አለፈ። ሰውየው ታማሚ አልነበረም፤ አስታማሚ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ደግፎ ለሚገባውም ጭምር ነው።

ያቺን ባለሙያ አልወቅሳትም። ከዘራዬን በር ላይ አስቀርታ ፍንጣሪዬን ያስገባችው ጥያቄው አጭር ስለነበር ነው። እኔም መልሴን አሳጠርኩ። «ጥይት ወይም ፍንጣሪ መትቶዎት ያውቃል? ብየዳ ሲሠሩ ዓይንዎ ውስጥ ብናኝ ገብቶ ነበር? ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎታል? የልብ ምት ማስተካከያ አለዎት?» ብትለኝ፣ ያውም ሳትቸኩል፣ እነግራት ነበር። ክታብ ያሰረም፣ ማተቡ ላይ የብረት መስቀል ያንጠለጠለም እንዲሁ ይናገራል። አገራችን ከአንድ በላይ ጦርነት አልፋለች፤ ብረት ይዞ የሚኖረው ሰው ብዙ ነው። ብረት አለብኝ ያለ ሁሉ ደግሞ አይመለስም። ዓይነቱንና ቦታውን አይቶ የሚወስነው ባለሙያው ነው፤ የእኛ ድርሻ መናገር ነው።

አሁን መታወቂያዬ ውስጥ የታጠፈች ወረቀት አለች፦ «ጀርባው ላይ የብረት ፍንጣሪ አለ»። ካምባ ገበያ ላይ የቀድሞ ጓዶቼን ሳገኝ አወጣና አሳያቸዋለሁ። አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ግን ዝም ብሎ ጭኑን ዳበሰ።

ስንመለስ ሶዶን አልፈን አባያ በግራችን ሲታይ፣ ልጁ ፎርሙ ላይ ያልነበረ ጥያቄ ጠየቀኝ። «አጎቴ፣ ያኔ ሲመታዎት ምን ተሰማዎት?» አለኝ። ጠይቆም ወደ ስልኩ አልተመለሰም። እስክመልስለት ጠበቀኝ።