ከሞተሩ በታች

በልጅነቴ በሐሙሲት ስኖር፥ አጎቴ በጣና ሐይቅ ላይ ከቆራጣ ወደ ባሕር ዳር ሰውና እህል የምታመላልስ የሞተር ጀልባ ነበረችው። ሞተሩ የተቀመጠው በአራት ወፋፍራም ጎማዎች ላይ ነበረ። እነርሱም የሞተሩን መንቀጥቀጥ ያበርዳሉ፤ ጀልባዋን የሚገፋውም ብረት ሳይዛነፍ እንዲዞር ያደርጋሉ። ነገር ግን ዘይት ሲንጠባጠብባቸው ይላላሉ፤ ይሰነጠቃሉም።

አንድ ማታ አጎቴ፥ «ልጄ፥ ጎማዎቹን አየሃቸውን?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ጎንበስ ብሎ ማየት ታክቶኝ ነበርና፥ «አዎን፥ አያ፤ ደኅና ናቸው» ብዬ ዋሸሁ።

በማግሥቱ ከሐይቁ መካከል ስንደርስ ሞተሩ ተናወጠ፤ የሚዞረውም ብረት ተዛንፎ በቀዳዳው ውሃ ይገባ ጀመር። አንዲት እናት ሕፃኗን አቅፋ አለቀሰች። አጎቴ ሞተሩን አጠፋ፤ ውሃውን በጣሳ እየቀዳን፥ በመቅዘፊያም እየቀዘፍን በጭንቅ ከዳር ደረስን።

እኔም በአጎቴ እግር ላይ ወድቄ እውነቱን ነገርሁት። እርሱ ግን አልመታኝም፤ ሞተሩን በእንጨት ደግፎ አሮጌዎቹን ጎማዎች በእጄ አስፈታኝ፥ አዲሶቹንም አስገጠመኝ። «ጎማውን ተሳፋሪው አያየውም፤ ነፍሱ ግን በእርሱ ላይ ናት» አለኝ።

ልጆች ሆይ፤ ያላያችሁትን አየን አትበሉ።