የዙፋን ክርክርና የአባት ቃል

በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ መጀመሪያ ላይ የተጻፈው የአዶንያስና የሰሎሞን ታሪክ ለእኔ የቤተ መንግሥት ወሬ ብቻ አይደለም። ንጉሥ ዳዊት አርጅቶ አልጋ ላይ በዋለ ጊዜ፥ ልጁ አዶንያስ ሠረገላና ፈረሰኞች፥ በፊቱም የሚሮጡ 50 ሰዎች አዘጋጅቶ ልንገሥ ብሎ ተነሣ። የጦር አለቃው ኢዮአብና ካህኑ አብያታር ደገፉት። ቤርሳቤህና ነቢዩ ናታን ግን ገብተው ንጉሡን ጠየቁት። ዳዊትም ሰሎሞንን በገዛ በቅሎው አስቀምጠው በግዮን እንዲቀቡት አዘዘ። የአዶንያስ እንግዶች ይህን ሲሰሙ ከግብዣው ተበተኑ። አዶንያስ ኋላ ቢገደልም፥ በዚያ ቀን ወገን ከወገን አልተዋጋም፤ ሽማግሌው ንጉሥ ገና መናገር ይችል ነበርና።

የአገራችን ታሪክ ግን ሌላ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. የልጃቸውን ልጅ ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አደረጉ። ብዙ ሳይቆይ በሽታ አንደበታቸውን ያዘው፤ በ1906 ዓ.ም. ዐረፉ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል በዓል መኳንንቱ ኢያሱን ሽረው ዘውዲቱን ንግሥት፥ ተፈሪ መኮንንን አልጋ ወራሽ አደረጉ። የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው መጡ፤ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተዋግተው ተማረኩ። ከሁለቱም ወገን ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ለጦርነቱ ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ዳሩ ግን አባት ዝም ባለበት ቤት ዳኛው ሰይፍ ይሆናል።

ዙፋን በ1967 ዓ.ም. ቀርቷል፤ ክርክሩ ግን በየጓሯችን አለ። አያቴ የእንሰት ቦታቸውን ለማን እንደሚያወርሱ ሳይናገሩ ስለ ሞቱ፥ አባቴና አጎቴ ሦስት ዓመት ተኳረፉ። አጎቴ ለመስቀል ከአዲስ አበባ ወደ ጉንችሬ ሲመጡ ቤታችን አይገቡም ነበር። በአንድ አጥር ተለያይተን ሁለት በዓል እናከብር ነበር። የአገር ሽማግሌዎች አስታርቀው ድንበር ለዩላቸው፤ እኔና የአጎቴ ልጆች ግን እስከ ዛሬ እንደ እንግዳ እንተያያለን።

ይህን የምታነቡ ወላጆቻችን ሆይ፥ በጤናችሁ ሳላችሁ፥ ልጆቻችሁ ሁሉ በተሰበሰቡበት ቃላችሁን ተናገሩ። እኛ ሞታችሁን የተመኘን እንዳይመስልብን ፈርተን ዝም እንላለን። ቤርሳቤህም እንደ እኛ ፈርታ ብትቀር ኖሮ፥ በኢየሩሳሌም ሰገሌ በሆነ ነበር።