ጨው የሌለው በርበሬ

ወንጂ ላደገ ሰው የመገጣጠሚያ ሕመም እንግዳ ነገር አይደለም። የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ከጀመረ ወዲህ ሠራተኛው ለብዙ ዓመት የጠጣው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ነበር። የልጆቹ ጥርስ ቡናማ ሆኖ ይበቅላል፤ ዕድሜውን በአገዳው መካከል የፈጀ አዛውንት ደግሞ ወገቡ ይደርቅና አንገቱን ማዞር ያቅተዋል። ስለዚህ ታላቅ እህቴ በልጅነቷ ጉልበቷ አብጦ እግሯን መሬት ማስነካት ሲሳናት፣ ሰፈሩ ሁሉ «ውሃው ነው» አለ።

ውሃው ግን አጥንት የሚጎዳው በብዙ ዓመት ነው። የእቴቴ ሕመም ጉልበቷን ለቆ ቁርጭምጭሚቷን ያዘ፤ ከዚያ ክርኗ ላይ ወጣ፤ ከዚያ ጠፋ። ቀደም ብሎ ጉሮሮዋ አብጦ ምራቅ መዋጥ አቅቷት ነበር። «እንጥሏ ወርዷል» ተባለና ወስደው አስቆረጧት። በካምፑ ጠባብ ቤት አንድ ፍራሽ ላይ ተደርድረን የምናድር ልጆች ስለነበርን የአንዱ ጉንፋን ለሌላው መዳረሱ አይቀርም። ሁላችንም ታመን ተነሣን፤ ጣጣው የተረፈው ለእሷ ብቻ ነው።

አግብታ አዳማ ከገባች በኋላ ገበያ አጠገብ በርበሬና ሽሮ ትሸጥ ነበር። ሁለተኛውን ልጅ ስታረግዝ ማታ ማታ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ጋደም ስትል ይብስባታል፤ ትራስ በትራስ ላይ ደርባ፣ በኋላም ግድግዳ ተደግፋ ታነጋለች። አንድ ክሊኒክ አስም ነው ብሎ ፓፍ ሰጣት። እሷም በእርግዝናው እያሳበበች ቻለችው። ከወለደች በኋላ አንድ ሌሊት ቁና ቁና እየተነፈሰች፣ አረፋና ደም የተቀላቀለበት አክታ እየተፋች ባጃጅ ላይ አወጣናት። እግሯን ስይዝ አውራ ጣቴ ሰረጎደ፤ ጣቴን ባነሣም ጉድጓዱ ቶሎ አልሞላም።

የደረስነው አዳማ ሆስፒታል ነው፤ የቀድሞው ኃይለማርያም ማሞ መታሰቢያ፣ ዛሬ የሕክምና ኮሌጅ የሆነው። ኦክስጅን ተደረገላት፤ ውሃን በሽንት የሚያስወጣው ላሲክስ በደም ሥሯ ተሰጣት። ሊነጋጋ ሲል ፊኛዋን ደጋግማ ባዶ አድርጋ ጋደም አለች። ተኝታ ሳያት ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ።

በማግሥቱ ወጣቱ ሐኪም የልቧን አልትራሳውንድ እያየ «በልጅነትሽ ጉልበትሽን አሞሽ ያውቃል?» ሲላት ገርሟት ወደ እኔ ዞረች። የጉሮሮው ባክቴሪያ ስትሬፕቶኮከስ ይባላል። ሰውነት እሱን ለመውጋት ያዘጋጀው ጦር ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ይመታል። መገጣጠሚያው ያለ ጠባሳ ይድናል፤ የልብ ቫልቭ ግን እየወፈረ፣ እየተጣበቀ ይሄዳል። «ወንጂ አይደለሽ? የመስኖው ቦይ መዝጊያ ግማሹ ብቻ ቢከፈት ውሃው የት ይሄዳል?» አላት። «ወደኋላ ተመልሶ ማሳውን ያጥለቀልቃል» አለች እቴቴ። ማሳው ሳንባዋ ነበር። እርግዝና የደሙን መጠን ሲጨምር ጠባቡ ቫልቭ አልቻለውም። ሌላ ልጅ እንዳታስብም በግልጽ ነገራት።

እንዲህ ያለ የልብ ድካም አንዴ ታክሞ የሚተው ነገር አይደለም። እኛ ቤት ትልቁ ፀብ ከጨው ጋር ሆነ። እማዬ «ወጡ ላይ ጨው ጠብ አላደረግሁም» ብላ ትምላለች፤ እውነቷን ነው። የበርበሬ ነጋዴዋ እህቴ ግን ጨው ከበርበሬው ጋር አብሮ እንደሚፈጭ፣ ሽሮውም ውስጥ እንዳለ ከማንም በላይ ታውቃለች። ስለዚህ ለራሷ ለብቻ ታስፈጫለች፤ ዕቃው ክዳን ላይ ቀይ ክር አስራበታለች። ወፍጮ ቤቱ ከሌላው ሰው እንዳይቀላቀልባት አጠገቡ ቆማ ትጠብቃለች። ልቅሶ ቤት ስትሄድ እንጀራው ላይ ትንሽ ወጥ ታስነካና ታነሣለች፤ ሴቶቹ «ኮራች» ይሏታል። ይበሏት።

ጠዋት ሳትበላ ሚዛን ላይ ትወጣለች። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመረች ስብ ሳይሆን ውሃ ስለሆነ እግሯ እስኪያብጥ ሳትጠብቅ ሐኪም ቤት ትሄዳለች። ላሲክሱ መንገድ ላይ ያስቸግራታል፤ መቂ ድረስ በሚኒባስ መሄድ ሲኖርባት ሐኪሙ በነገራት መሠረት ከደረሰች በኋላ ትውጠዋለች እንጂ አትዘለውም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የአዳማ ሙቀት ሲጠና፣ ውሃ በልክ ጠጪ የተባለች ሴት ማየት ያሳዝናል። ጾምም ቢሆን የንስሐ አባቷ «ኪኒኑን ዋጪ» ካሏት ወዲህ ክርክር የለም። በእኔ ግምት ይህን በሽታ የሚያከፋው ሻል ያላቸው ሰዎች «ድኛለሁ» ብለው መድኃኒቱን ማቆማቸው ነው።

በየአራት ሳምንቱ ደግሞ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ትወጋለች። የተጎዳውን አይጠግንም፤ ሁለተኛ የጉሮሮ ሕመም ቫልቩን ጨርሶ እንዳያበላሸው ነው። መርፌው ወፍራም ነው፤ ቂጧን ይዛ እያነከሰች ስትመለስ ልጆቿ ይስቁባታል።

የተጎዳውን ቫልቭ የሚያስተካክለው ቀዶ ጥገና ሌላ ጉዳይ ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ድርጅት ባያቋቁሙ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2009 ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከሉ ባይከፈት ኖሮ፣ ውጭ አገር መታከም የማይችል ሁሉ ተስፋ አይኖረውም ነበር። ወረፋው ግን ረጅም ነው፤ አብዛኞቹ ደግሞ ልጆች ናቸው። የእቴቴም ስም ተመዝግቧል።

በቅርቡ ትንሹ ልጇ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ሲይዘው ሱቋን ዘግታ ወዲያውኑ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። የእናንተም ልጅ ጉሮሮውን አሞት ሲያተኩስ፣ ይልቁንም ከሳምንታት በኋላ ጉልበቱ ሲያብጥ፣ እንጥሉንም ውሃውንም ትታችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።