በሐኪም ወረቀት ላይ ያለችው ትንሿ «አ»

«ደም ማነስ» የሚለው የእኛ ስም «አኒሚያ» ከሚለው የፈረንጅ ስም ይልቅ እውነቱን ይናገራል። ይህን የምለው ለቋንቋዬ አድልቼ አይደለም። «አኒሚያ» ሥሩ ግሪክ ነው። «አን» ማለት «የሌለው»፣ «ሃይማ» ማለት ደግሞ ደም ነው። ቃል በቃል ስንፈታው «ደም አልባነት» ይሆናል። ደም የሌለው ሰው ግን በሕይወት የለም። ሕመሙ የሚመጣው ቀይ የደም ሴሎች ወይም በውስጣቸው ያለው ሄሞግሎቢን ከሚፈለገው በታች ሲሆን ነው። ደሙ አነሰ እንጂ አልጠፋም።

እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ፤ ከሕክምና ጋር የሚያገናኘኝ የለም። ባለፈው ዓመት ግን አንዲት ቅድመ ቅጥያ ቤተሰባችንን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳችው።

እህቴ እንጅባራ መምህርት ናት። ስምንተኛ ወሯ ላይ አልትራሳውንድ ታይታ የተሰጣትን ወረቀት ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልን። በእጅ ጽሑፉ መሃል «ኦሊጎሃይድራምኒዮስ» የሚል ቃል አለ። ቁጭ አድርጎ ያስረዳት ሰው አልነበረም፤ «ነገ ጠዋት ተመለሺ» ብቻ ነው የተባለችው። ዳንግላ ያሉት አክስታችን ፎቶውን ለአንድ የሰፈር ሰው አስነብበው «የሽርት ውሃው የለም ነው የሚለው» የሚል መልስ ይዘው ደወሉ። እናቴ «የለም» የምትለዋን ቃል ስትሰማ ልጁ ያበቃለት መስሏት ማልቀስ ጀመረች።

ቃሉን ከፋፍዬ አየሁት። «ኦሊጎ» በግሪክ «ጥቂት» ነው። «ሃይድሮ» ውሃ፣ የቀረው ደግሞ ፅንሱን የሚከበው ከረጢት ስም። ጨርሶ የለም ለማለት ቢፈለግ «አንሃይድራምኒዮስ» ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ሌላ ቃል ነው።

«እማ፣ አነሰ ነው የሚለው፤ አለቀ አይልም።»

«ታዲያ አነሰ ብሎ አይጽፍም ነበር?»

«በግሪክ ስለጻፈው ነው።»

«ለእንጅባራ ሰው በግሪክ ምን ያጽፈዋል?»

ለዚህ ጥያቄ እስካሁን መልስ የለኝም። በእርግጥ የሽርት ውሃ ማነስም ቀላል ነገር አይደለም፤ በቅርብ መከታተል ይፈልጋል። በማግስቱ ያገኘቻት ሲስተር ውሃው እንደገና እንዲለካ አደረገች፣ ምን ያህል እንደቀነሰ በቁጥር ነገረቻት፣ አብረዋት የሄዱትን አክስታችንን ደግሞ በአውንጊ አስረዳቻቸው። እህቴ እስክትወልድ በየሦስት ቀኑ ታየች። ልጁ አሁን ጠረጴዛ ይዞ መቆም ጀምሯል።

ከዚያ ወዲህ ይቺ «አ» ባየኋት ቁጥር ዓይኔን ትስበዋለች። ደንቧ ቀላል ነው፤ ከተነባቢ በፊት «አ»፣ ከአናባቢ በፊት «አን» ትሆናለች። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ «አሲምፕቶማቲክ» የሚለውን ሁላችንም ተማርነው፤ ምልክት የማያሳይ ማለት ነው። ለቀዶ ጥገና የሚሰጠው «አኔስቴዥያ» ስሜት አልባነት ነው፤ ቃሉን በ1846 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለዚህ ሥራ እንዲውል ያቀረበው ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነበር። «አቶም» የማይቆረጥ ማለት ነው፤ ሳይንስ በኋላ ቢቆርጠውም ስሙ አልተቀየረም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን «አስፊክሲያ» ነው። ማዋለጃ ክፍል በር ላይ የቆመ ሁሉ ይህን ቃል ሊሰማ ይችላል። የግሪኩ ፍቺ «የልብ ምት የሌለው» ነው። ዛሬ ግን ቃሉ የሚያገለግለው ለሌላ ነገር ነው፤ ሕፃኑ አየር አጥሮት መታፈኑን ለመናገር። ብዙ ጊዜ ልቡ እየመታ ነው፤ የጎደለው ትንፋሽ ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያም በደቂቃዎች ውስጥ ሊመልሰው ይችላል። እዚህም ላይ «ታፍኖ ተወለደ» የሚለው የእናቶቻችን አነጋገር ከግሪኩ ይልቃል። አባት በር ላይ ቆሞ «የልብ ምት የለውም» ቢባል የሚሆነውን አስቡት።

በ«አ» የጀመረ ሁሉ አፍራሽ ነው ማለት ግን አይደለም። «አስም» ውስጥ ያለችው «አ» የቃሉ ሥር ናት፤ ማለክለክ ከሚል ግስ የመጣ ነው። «አናቶሚ»ም ከአቶም ጋር አንድ ሥር ይጋራል፤ ሁለቱም ውስጥ «መቁረጥ» አለ። ነገር ግን «አና» የምትለው መነሻ ሌላ ቅጥያ ስለሆነች ፍቺው ተገልብጦ «ቆራርጦ መክፈት» ይሆናል።

በአማርኛም ቢሆን «አ» አትታመንም። «አልበላም»፣ «አይበላም» ስንል ማፍረሻችን በ«አ» ይጀምራል። «አበላ» ስንል ግን ያቺው «አ» ሌላውን አጉርሳ ታስበላለች። ከግሪኩ ጋር ያላት መመሳሰልም አጋጣሚ ነው። የግሪኩ «አ» ወንድሞች የእንግሊዝኛው «አን» እና የላቲኑ «ኢን» ናቸው፤ ሦስቱም ከአንድ ጥንታዊ ቋንቋ ወረዱ። እኛ ለእንዲህ ዓይነት ስያሜ ያሉን ሌሎች ናቸው፤ ከግእዝ የወረስናት «ኢ»፣ እነ ኢሰብአዊና ኢፍትሐዊ ውስጥ ያለችው፣ እንዲሁም «አልባ»። «አልባ» ከባድ ቃል ናት። ወላጅ አልባ፣ ቤት አልባ ስንል የሆነ ነገር ከሰው ላይ እንደተወሰደ ይሰማናል። በእኔ ሙያ ይህ በደንብ ይታወቃል፤ ጭማቂ ላይ «ስኳር አልባ» ብለን አንጽፍም፣ «ከስኳር ነፃ» እንላለን እንጂ። ያው አለመኖር ነው፤ አንዱ ማጣት፣ ሌላው መገላገል ሆኖ ይሰማል። የላቦራቶሪ ውጤት ላይ «ኔጌቲቭ» የሚል አይተው የሚደነግጡ ስንቶች እንዳሉ ሳስብ፣ ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰው አንድ ሳምንት እኛ ጋ ቢሠራ እላለሁ።

ለፍትሐዊነት ያህል፣ ግሪኩ ሲፈልግ ልኩን ያውቃል። «አኖክሲያ» ኦክስጅን ጨርሶ አለመኖሩን ሲናገር «ሃይፖክሲያ» ማነሱን ይናገራል፤ «ሃይፖ» ማለት «በታች» ነው። ይህ ለእኛ ለደጋ ሰዎች ሩቅ ጉዳይ አይደለም። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር በአንድ ትንፋሽ የሚገባን ኦክስጅን ይቀንሳል። ብዙ ሰዎች ወደ ደጋ ሲወጡ ሰውነታቸው ሄሞግሎቢን እየጨመረ ያካክሳል። በ2002 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ ያወጡት ጥናት ግን ሰሜን ተራሮች ላይ ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሄሞግሎቢን መጠናቸው ከቆላ ሰው ብዙም እንደማይለይ አሳይቷል። ሰውነታቸው ከፍታውን የለመደበት መንገድ ሌላ ነው።

«የለም» ቁጥር አያስፈልገውም፤ «አነሰ» ግን ሁልጊዜ «ከስንት?» ያስብላል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ወረቀት ላይ «አኒሚያ» የምትል ቃል ብቻዋን ከተጻፈች ቁጥሩን ጠይቁ። ለነፍሰ ጡር የተለመደው ወሰን በዴሲ ሊትር 11 ግራም ሄሞግሎቢን ነው፤ ከፍ ባለ ቦታ ለምትኖር ደግሞ ወሰኑ ራሱ ከፍ እንዲል የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። 10 ምናልባት የአይረን ኪኒን፣ ምስርና ጎመን፣ ሻይና ቡናንም ከምግብ ሰዓት ማራቅ ሊሆን ይችላል። ከ7 በታች ከሆነ ግን ከባድ የሚባለው ደረጃ ነው፤ ለነገ የሚቀጠር አይደለም። አክስቴ ቁጥሩን እስክሪብቶ አስይዘው መዳፋቸው ላይ ያስጽፋሉ፤ ወረቀት ይጠፋል ባይ ናቸው።