ስንጸልይ ሻዩን የሚያፈላው ማነው?

ጠዋት ሳይጸልዩ ከቤት መውጣት ለብዙ ክርስቲያን ፊት ሳይታጠቡ እንደ መውጣት ነው። ኦርቶዶክሱ ፊቱን ታጥቦ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይቆማል። አባታችን ሆይ ይላል፤ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ይደግማል። ዳዊት ደጋሚ ከሆነም የየቀኑ ድርሻ አለው፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ቅዳሜ 150ኛው ላይ ይደርሳል። ፕሮቴስታንቱም መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ ለጥሞና ይቀመጣል። ሥርዓቱ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው፤ የቀኑን በኩራት ለፈጣሪ መስጠት።

መልካም ነው፤ ማንም አይቃወመውም። እኔ ግን አንዲት ትንሽ ጥያቄ አለችኝ። እኛ ቆመን ስንጸልይ ሻዩን የሚያፈላው ማነው?

አንድ የማውቀው ቤት አለ። እመቤቲቱ በጸሎት አይታሙም፤ በጾምም በምጽዋትም እንደዚያው። ሳሎን ቆመው የረቡዕን ውዳሴ ማርያም ይዘዋል። መሐል ላይ ድንገት ይቆማሉ። «አንቺ! የልጆቹ ምሳ ዕቃ ታጠበ?» ከጓዳ «አዎ እትዬ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ንባቡ ይቀጥላል። ሁለት መስመር ሳይሄድ ደግሞ «እሳቱን ቀንሺው፣ እንዳይገነፍል!» ከዚያ እንደገና የእመቤታችን ውዳሴ። ሴትየዋ ክፉ አይደሉም። ልጆቹን ለትምህርት ቤት ማድረስ፣ ታክሲ መሰለፍ፣ ሥራ ቦታ ሳይረፍድ መግባት አለባቸው። ያቺን ሩብ ሰዓት ያገኟትም ጓዳ ያለችው ልጅ ስለተሸከመችላቸው ነው።

ልጅቷ ማታ ከሁሉም ኋላ ትተኛለች፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከሁሉም ቀድማ ትነሳለች። አንገቷ ላይ ማዕተብ አለ። አንድ ቀን «አንቺስ መቼ ትጸልያለሽ?» አልኳት።

«እንጀራውን እየጋገርኩ በሆዴ እላለሁ» አለችኝ። «ግን እትዬ ሲጠሩኝ የት እንደደረስኩ ይጠፋኛል።»

ለዚህ የተዘጋጀ መልስ ያለው ሰው አይጠፋም። «ሥራም እኮ ጸሎት ነው!» ይለናል። ይሁን። ታዲያ ሥራ ጸሎት ከሆነ እኛስ ለምን አንድ ቀን በሥራ አንጸልይም? እኛ ምንጣፍ ላይ፣ እሷ ምጣድ ላይ፤ ክፍፍሉን ያወጣው ማነው?

ታሪካችንም ቢሆን ለዚህ ክፍፍል ብዙ አይመችም። ቤተ ክርስቲያን የሌሊቱንና የቀኑን ሰዓት የምትጸልይበትን መጽሐፈ ሰዓታት የደረሱት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ናቸው ይባላል። ትውፊቱ እንደሚተርከው፣ እኚህ ሊቅ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሳሉ በመጀመሪያ ትምህርቱ አልገባ ብሏቸው፣ እህል እየፈጩ ገዳሙን ያገለግሉ ነበር። ከወፍጮው ተነስተው በእመቤታችን ሥዕል ፊት እየቆሙ ያለቅሱ ነበር። ፈጪው ቀና ብሎ የሚቆምበት ጊዜ ነበረው ማለት ነው። «አንተ! ዱቄቱ ደረሰ?» የሚል ድምፅ በየሁለት መስመሩ ቢያቋርጣቸው ኖሮ ምን ይተርፈን እንደነበር እንጃ።

መጽሐፉም ቢሆን አገልጋይን አልረሳም። ዘጸአት 20 የሰንበት ዕረፍት የማን እንደሆነ ሲዘረዝር ልጆችን ብቻ ጠርቶ አያቆምም፤ ወንድና ሴት አገልጋይን፣ ከብቱን፣ በደጅ ያለውን እንግዳ ሳይቀር ይቆጥራል። ዘዳግም 5 ምክንያቱን ያስታውሳል፤ ዕረፍቱን የታዘዙት ሰዎች ራሳቸው በግብፅ አገልጋዮች ነበሩ።

የአገር ሕግ እዚህ ላይ ልጅቷን ብዙም አይደርስላትም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪው ቤት የሚኖር ሠራተኛ ማደሪያው፣ ምግቡ፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓቱ ጤናውን የሚጠብቅ እንዲሆን አሠሪው ተገቢውን እንዲያደርግ ይጠይቃል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ግን ለትርፍ ያልሆነውን የግል አገልግሎት ቅጥር ከወሰኑ ውጪ አድርጎታል። እንግዲህ መቼ እንደምትነሳና መቼ እንደምታርፍ የሚወስነው በአብዛኛው የእትዬ ኅሊና ነው። ያ ኅሊና ደግሞ በየጠዋቱ ሳሎን ውስጥ ቆሞ የሚጸልየው ራሱ ነው። ስለዚህ ነው ነገሩ የጸሎት ጉዳይ የሚሆነው።

የምለው ከባድ ነገር አይደለም። ምድጃው ለ15 ደቂቃ ይጥፋ። ልጅቷ «ነይ፣ አብረን እንቁም» ትባል። ብቻዋን መሆን ከመረጠችም ጓዳው የእሷ ይሁን፤ አትጠራ። ሙስሊም ከሆነችም የሱብሒ ሰላቷ ሰዓት አይነካባት። ሻዩ ቢዘገይ ሩብ ሰዓት ነው። ለፈጣሪ ሰጠን የምንለው የእኛ ሩብ ሰዓት ግን ከእሷ እንቅልፍ ተቆርጦ የመጣ ከሆነ፣ ስጦታው የማን እንደሆነ ማሰብ ደግ ነው።

ይህን የሚያደርግ ቤትም አይቻለሁ። ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ጠዋት ማንቆርቆሪያውን ራሳቸው ይጥዳሉ፤ ልጅቷ ጸሎቷን ስትጨርስ ትመጣለች። ጎረቤቱ «ገረድ ቀጥረው ሻይ የሚያፈሉ ጋሼ!» እያለ ይስቅባቸዋል። እሳቸውም ጸሎት ላይ ሆነው ይዘናጉና ሻዩ አንዳንዴ ምድጃው ላይ ይገነፍላል። ጨርቅ አንስተው ራሳቸው ይጠርጉታል።