ከዒላማው ወዲያ

ሰው ከሥራው ዐርፎ መንፈሱን የሚያድስበት ጨዋታ እንደ አገሩ ልማድ የተለያየ ነው። በተወለድሁበት በመንዝ፣ የእኛ ቤተ ሰብ በዓመት በዓል ከሚደሰትባቸው ጨዋታዎች አንዱ ዒላማ መተኰስ ነበረ። ለአንባቢ የማወጋውም በ1957 ዓ.ም. የፋሲካ ማግስት፣ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከዚሁ ጨዋታ ያገኘሁትን ትምህርት ነው።

በዚያ ዕለት ረፋድ ላይ እናቴ ከበዓሉ የተረፈውን ድፎ ዳቦ ይዘው፣ አባቴ ጠመንጃቸውን አንግተው፣ ታላቅ ወንድሜና ታናሽ እኅቴ ከእኔ ጋራ ተከትለው፣ ከቤታችን በታች ወዳለው መስክ ወረድን። ጠመንጃው ውጅግራ ነበረ። ውጅግራ እ.ኤ.አ. በ1874 በፈረንሳይ አገር የወጣ፣ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት አንድ አንድ እያለ የሚጐርስ መሣሪያ ሲሆን፣ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት በሠራዊታችን እጅ ከነበሩት ጠመንጃዎች አንዱ ነው። አባቴ ከአባታቸው ስለ ወረሱት ከንብረታቸው ሁሉ አብልጠው ያከብሩት ነበር።

ወንድሜ ለዒላማ ነጭ ድንጋይ ቢያመጣ፣ አባቴ «ጥይት ከድንጋይ ላይ ነጥሮ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም» ብለው ከለከሉት። የእንስራ ገል በአመድ አንጥተውም ከአፈር ተረተሩ ሥር፣ በመቶ እርምጃ ርቀት አቆሙ። እርሳቸው ተኰሱ፤ ገሉ ተፈረካከሰ። ሌላ ገል ተተካ፤ ወንድሜም መታ፤ እናቴም እልል አሉ። የጥቁሩ ባሩድ ወፍራም ጢስ በፊታችን ተንሳፈፈ።

ገሉ እንደገና ቆመና ተራው የእኔ ሆነ። ተንበርክኬ ሰደፉን ከትከሻዬ አስጠጋሁ። ወንድሜ ከኋላዬ «ይስታል!» ብሎ ሲሥቅ ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ዓይኔ ከገሉ በቀር ሌላ አላየም። ጣቴን ወደ ምላጩ ስሰድድ እናቴ «ኧረ ሰው!» ብለው ጮኹ፤ አባቴም ክንዴን ይዘው አፈሙዙን ወደ መሬት መለሱት። ቀና ብዬ ባይ፣ አንዲት እረኛ ልጅ ከተረተሩ ጫፍ ቆማለች። የጠፋባትን ግልገል ፍለጋ መምጣቷ ነው። ዕድሜዋ ከእኅቴ አይበልጥም።

አባቴ ጥይቱን አወጡት። እኔ ቍጣ ስጠብቅ እርሳቸው ግን፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። ተረተሩን አየሁ እንጂ ከተረተሩ በላይ ያለውን መንገድ አላሰብሁም» አሉ። አባቴ ስሕተታቸውን በልጆቻቸው ፊት ሲያምኑ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ወደ እኔም ዞረው፣ «ገል ቢሳት ነገ ይደገማል፤ ሰው ከተመታ ግን አይመለስም። ከዒላማው አስቀድመህ ከዒላማው ወዲያ ያለውን ተመልከት» አሉኝ። ልጅቱንም ጠርተው ከድፎው ቈርሰው ሰጧት፤ ግልገሏንም ሁላችን ፈልገን አገኘንላት።

ዛሬ የጦር መሣሪያ ይዞታ በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 መሠረት በፈቃድ ይመራል። ይሁን እንጂ በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የተተኰሰ ጥይት ተመልሶ ወደ ምድር እንደሚወርድ የሚዘነጋ ሰው ዛሬም አልጠፋም።

እኔ ከዚያ ወዲህ የኖርሁት ከጠመንጃ ጋራ ሳይሆን ከብዕር ጋራ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት 30 ዓመት ሳገለግል፣ ሥራ ቶሎ ፈጸመ ለመባል በቸኰልሁ ቍጥር የወንድሜ ሣቅ በጆሮዬ ይሰማኝ ነበር፤ ወዲያውም በተረተሩ ጫፍ የቆመችው ልጅ ትታየኛለች። ከወረቀቱ ወዲያ ማን እንደ ቆመ ሳልጠይቅ የፈረምሁበት ቀን የለም ብል ግን እዋሻለሁ።

ወንድሜ እስከ ዛሬ በተገናኘን ጊዜ «ያን ገል ሳትመታው ቀረህ» እያለ ይቀልድብኛል። እውነቱን ነው፤ አልመታሁትም። ነገር ግን ሽበቴን ይዤ ወደ ኋላ ስመለከት፣ ከመታኋቸው ሁሉ ይልቅ ደስ የሚለኝ ያ ያልተኰስሁት ነው።