አይብ ችኩል አይወድም



እኛ ወንዶቹ ኪታብ ስንቀራ፣ ሰው ያቀረበልንን ስንበላ አድገን ሽንኩርት እንኳ አቁላልተን አናውቅም ነበር። እናታችን በ1977 በሰፈራ ከወሎ ወደ አሶሳ ስትመጣ ይዛው ከመጣችው ሙያ አንዱ አይብ ነው። እንጀራ ላይ አይብ አድርጋ ትጠቀልልና ቀይ ስልስ ታፈስበታለች። ዘንድሮ ታማ ስትተኛ፣ ከምግብ ሁሉ ያማራት ይኸው ሆነ።

ተነሣን። አሬራውን በኃይለኛ እሳት ጥደን አማሰልነው፤ አይቡ እንደ ጎማ ሆነ። በርበሬውን በጋለ ዘይት ላይ ጨምረን አቃጠልነው፤ ቤቱ በሙሉ ሳል በሳል ሆነ። እናታችን እየሳለችም እየሳቀችም «እሳቱን ቀንሱ! አይብ ችኩል አይወድም» አለችን።

በሁለተኛው አሬራውን በቀስታ አሙቀን ሳንነካው ተውነው። አይቡ ከአጓቱ ሲለይ አቀዝቅዘን በንጹሕ ጨርቅ አጠለልነው። ሽንኩርቱን አድቅቀን አቁላላን፤ በርበሬ ጨምረን፣ ውኃ ጠብ እያደረግን፣ ዘይቱ ከላይ እስኪወጣ ጠበቅን። ነጭ ሽንኩርትና ጨው አስከተልን።

ሜክሲኮዎችም ኤንቺላዳ የሚሉት አላቸው፤ የበቆሎ ቂጣ በአይብ ጠቅልለው በቀይ በርበሬ ስልስ ይበሉታል። እኛ ጓዳ የገባው በርበሬም መነሻው ከዚያው አህጉር ነው።

እናታችን ቢስሚላህ ብላ ሁለት ጥቅል በላች። «ጨው አነሰው» አለች። ስንት ቀን ምግብ ስትገፋ ከርማ ይህን መስማታችን፣ አልሐምዱሊላህ!

ያሳፈረን ግን፣ ለመማር መታመሟን መጠበቃችን ነው። ወንድሞች፣ እናታችሁ በጤናዋ ሳለች ጓዳ ግቡ።